ከፊዩሚቺኖ ወደ ቺቪታቬኪያ፦ ከሮም አየር ማረፊያ ወደ መርከቡ የትኛው መንገድ ያዋጣችኋል?

«ከሮም የሚነሣ» ተብሎ የተሸጠላችሁ የክሩዝ ጉዞ ሮም ውስጥ አይጀምርም። ሮም የወንዝ ዳር ከተማ ናት። መርከቡ የሚጠብቃችሁ ቺቪታቬኪያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሲሆን፣ ከሮም መሃል ወደ ሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ፊዩሚቺኖ ደግሞ ከሮም በስተ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከዚያ እስከ ወደቡ በመኪና 70 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። «ወደቡ ቅርብ ነው» ብሎ አየር ማረፊያው አጠገብ ሆቴል የያዘ ሰው ጠዋት የታክሲ ዋጋ ሲጠይቅ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከአዲስ አበባ በቀጥታ ፊዩሚቺኖ ለሚያርፍም፣ ከአሜሪካ ወይም ከሌላ የአውሮፓ ከተማ መጥቶ እዚያ ከእናት ከአባቱ ጋር ለሚገናኝም ይሆናል። ዋጋዎቹ መጠኑን እንድትገምቱ የተቀመጡ ናቸው፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚጨምሩ ከመነሣታችሁ በፊት አዲሱን እዩ።

ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ሰዓት ቁጠሩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ይረክሳል?» ብሎ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን «ካረፍኩ በኋላ ስንት ሰዓት አለኝ? በአንድ ሰውስ ስንት ሻንጣ ይደርሳል?» ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ምርጫው ራሱ ይወጣል።

ቆጠራው ከመርከቡ መነሻ ወደ ኋላ ነው። መርከቡ 17:00 ላይ ይነሣል እንበል። ይህ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ማለት ነው። የመሳፈሪያው በር በዚያው ደቂቃ ድረስ ክፍት አይሆንም። እንደ ኩባንያው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ትኬታችሁ ላይ ተጽፏል፤ ፈልጋችሁ አስምሩበት። ስለዚህ በሩ 15:30 ላይ ይዘጋል ብላችሁ ያዙ። ወደቡ ውስጥ ካለው የመንገደኞች መቀበያ እስከ መርከቡ ለሚወስደው ጊዜና ለወረፋው 45 ደቂቃ ስጡ፤ 14:45 ሆነ። በባቡር ከአየር ማረፊያው እስከ ወደቡ መግቢያ ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት፤ 12:15 ላይ ከአየር ማረፊያው መነሣት አለባችሁ ማለት ነው። ለፓስፖርትና ለሻንጣ አንድ ሰዓት ተኩል ብንቀንስ አውሮፕላኑ ቢዘገይ ቢዘገይ 10:45 ላይ መሬት መንካት አለበት። በግል መኪና ከሆነ እስከ 12:00 ድረስ ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ የሚያርፍ በረራ ከቆረጣችሁ ግን የመርከቡን ቀን በረራ ትታችሁ በዋዜማው ግቡ።

የፓስፖርቱን አንድ ሰዓት ተኩል አትናቁት። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ ሰው ወደ ሸንገን ሲገባ የጣት አሻራና ፎቶ የሚያስመዘግብበት አዲስ አሠራር ተጀምሯል። የመጀመሪያ ጊዜ ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ወረፋው ይረዝማል። ከአፍሪካና ከአሜሪካ የሚመጡ ብዙ ትልልቅ አውሮፕላኖች ደግሞ ማለዳ ላይ ተከታትለው ያርፋሉ።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ የሚያሳዝን ስሕተት አለ። ቤተሰብ በስልክ ሲነጋገር አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራል። «መኪናው 10 ሰዓት ይመጣል» ሲባል እናት ከቀኑ 10 ሰዓት መስሏቸው ይቀመጣሉ፤ ሾፌሩ ግን ጠዋት 10:00 ላይ ደርሶ ይሄዳል። በጽሑፍ ስትለዋወጡ ሁልጊዜ እንደ ትኬቱ 10:00 ወይም 16:00 ብላችሁ ጻፉ፤ አጠገቡም «በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት» ወይም «በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት» ብላችሁ አክሉ። ሮም በበጋዋ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት፣ በክረምቷ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ባቡር፦ ርካሹ፣ ግን እጅ ነጻ ለሆነ ሰው

ከፊዩሚቺኖ እስከ ቺቪታቬኪያ አንድ ወጥ ባቡር ላይ ተቀምጦ መድረስ የለም፤ አንዴ መቀየር ግድ ነው። የት እንደምትቀይሩ ግን ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ከአየር ማረፊያው ጣቢያ ሁለት ዓይነት ባቡር ይነሣል። አንደኛው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ይባላል። የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ሮም ተርሚኒ፣ ማለትም ዋናው ጣቢያ፣ ያደርሳል። ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ሁለተኛው ኤፍ ኤል 1 የሚባለው የክልል ባቡር ነው፤ 8 ዩሮ ይከፈልበታል፤ ተርሚኒ አይገባም፤ ትራስቴቬሬና ኦስቲየንሴ በሚባሉ የሮም ጣቢያዎች አድርጎ ያልፋል። በሥራ ቀን በየ15 ደቂቃው፣ እሑድና በዓል በየግማሽ ሰዓቱ አለ።

አዲስ መንገደኛ ስሙን የሚያውቀውን ሊዮናርዶ ኤክስፕረስን ይይዛል። ይህ ለመርከብ ተሳፋሪ የተሳሳተው ምርጫ ነው። ከተርሚኒ ወደ ቺቪታቬኪያ የሚሄደው ባቡር ከተማውን ዞሮ በኦስቲየንሴና በትራስቴቬሬ በኩል ነው የሚወጣው። እናንተ ተርሚኒ ድረስ ገብታችሁ ስትሳፈሩ፣ ቀደም ብላችሁ ልትወርዱበት ትችሉ ወደነበረው ጣቢያ ነው የምትመለሱት። የተርሚኒ ጉዳት በዚህ አያበቃም። የቺቪታቬኪያ ባቡሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከ25 በላይ ቁጥር ካላቸው መስመሮች ነው፤ እነሱም ከዋናው አዳራሽ ርቀው በጣቢያው ጥግ ናቸው፤ ሻንጣ እየጎተቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያስኬዳሉ። ስለዚህ በኤፍ ኤል 1 ሂዱና ትራስቴቬሬ ላይ ቀይሩ። ከአየር ማረፊያው እዚያ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እንቅልፍ ወስዷችሁ ትራስቴቬሬ ቢያልፋችሁ አትደንግጡ፤ ቀጣዩ ኦስቲየንሴ ነው፤ የቺቪታቬኪያ ባቡር እዚያም ይቆማል።

ትኬቱን ከማሽን ስትገዙ ሁለት ትኬት ለየብቻ አትግዙ። መነሻውን «ፊዩሚቺኖ ኤሮፖርቶ»፣ መድረሻውን «ቺቪታቬኪያ» አድርጋችሁ አንድ ትኬት ጠይቁ። ማሽኑ ብዙ አማራጭ ይዘረዝራል፤ በተርሚኒ የሚያዞረው ውድ ሆኖ ይታያል። መቀየሪያው «ሮማ ትራስቴቬሬ» የሚለውንና ሁለቱም ባቡር የክልል የሆነውን ምረጡ። ለአንድ ሰው በጠቅላላው 13 ዩሮ አካባቢ ይሆናል። ማሽኑ ዘንድ መጥቶ «ልርዳችሁ» የሚል ሰው ካለ በትሕትና እምቢ በሉ፤ ሠራተኛ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ መልሳችሁን ወይም ጉርሻ ይፈልጋል።

አሁን ሰው የሚቀጣበት ነገር ይመጣል። የወረቀት የክልል ትኬት ስትገዙት ገና አልሠራም። ባቡሩ መስመር መግቢያ ላይ ግድግዳ ወይም ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ትንንሽ የማተሚያ ሳጥኖች አሉ። የትኬቱን ጫፍ ስታስገቡ «ጭርር» ይልና ቀንና ሰዓት ይታተምበታል። ቀለሙ ደብዝዞ ካልታየ ሌላ ሳጥን ላይ ድገሙ። ከታተመ በኋላ ትኬቱ ለ4 ሰዓት ያገለግላል፤ ስለዚህ ትራስቴቬሬ ላይ ስትቀይሩ እንደገና ማተም አያስፈልግም። ሳይታተም የተገኘ ትኬት እንደሌለ ይቆጠራል፤ «አላወቅሁም» ማለት ከቅጣት አያድንም። በስልክ የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ትኬቱን በስልኩ ላይ ማስጀመር አለባችሁ፤ ለዚህ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ የአየር ማረፊያው ነጻ ዋይፋይ ሳይርቃችሁ አድርጉት።

ትራስቴቬሬ ላይ ስትወርዱ ቀና ብላችሁ ሰሌዳውን እዩ። «ቺቪታቬኪያ» የሚል ጽሑፍ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ትክክለኛው ባቡር ፊት ለፊታችሁ ያልፋችኋል። ሰሌዳው በትልቁ የሚጽፈው የመጨረሻውን ጣቢያ ነው፤ ወደ ግሮሴቶ ወይም ወደ ፒሳ የሚሄደው ባቡርም ቺቪታቬኪያ ላይ ይቆማል፤ እንዲያውም ይፈጥናል። በአንጻሩ አንዳንዱ ባቡር ላዲስፖሊ ሲደርስ ጉዞው ያበቃል፤ እሱን ከተሳፈራችሁ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። የማቆሚያዎቹ ዝርዝር በትንንሽ ፊደል ከሥር ይሮጣል፤ «ቺቪታቬኪያ» የሚለውን እዚያ አይታችሁ ተሳፈሩ። «ቢናሪዮ» ማለት የመስመር ቁጥር ነው፤ «ሪታርዶ» መዘግየት ነው፤ «ካንቸላቶ» ተሰርዟል ማለት ነው። የመስመር ቁጥሩ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሊቀየር ስለሚችል ባቡሩ እስኪገባ ድረስ ዓይናችሁን ከሰሌዳው አታንሡ። ኢንተርሲቲ የሚባለውን ባቡር በክልል ትኬት መሳፈር አይቻልም።

ከትራስቴቬሬ እስከ ቺቪታቬኪያ እንደ ባቡሩ ፍጥነት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። መንገዱ የሚያምረው ከሳንታ ሴቬራ በኋላ ነው፤ በግራ በኩል ከተቀመጣችሁ ባሕሩ ይታያችኋል።

የባቡሩ ችግር ሻንጣ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ለብዙ መስመር ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቅዳል። ሁለቱንም የሞላ ሰው 46 ኪሎ እና የእጅ ቦርሳ ይዞ ባቡር ወጥቶ ይወርዳል ማለት ነው። ባቡሩ መቀየሪያው ላይ የሚቆመው ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መሻገሪያው ከሥር ነው፤ ሊፍቱ ካልሠራ በደረጃ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ደግሞ ሮማውያን ዣንጥላቸውን ይዘው ወደ ላዲስፖሊና ወደ ሳንታ ማሪኔላ ባሕር የሚወርዱት በዚሁ ባቡር ነው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው በራሱ እጅ ብቻ ሁሉንም ዕቃውን አንሥቶ ደረጃ መውጣት የሚችል ከሆነ ባቡር ይያዝ። ካልቻለ አይያዝ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ካሉ ጉዳዩ እዚህ ላይ አልቋል።

ሌላው ጠላት የሥራ ማቆም አድማ ነው። ጣሊያን ውስጥ የባቡር አድማ ብርቅ አይደለም፤ ቀኑ ግን አስቀድሞ ይነገራል፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ የአድማ ቀን መቁጠሪያ ያወጣል። ቃሉ «ሾፔሮ» ነው። በሥራ ቀን አድማ ቢኖር እንኳ ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 የተወሰኑ ባቡሮች እንዲሠሩ ሕጉ ያስገድዳል። ከጉዞው ሳምንት በፊት ካያችሁ መኪና ለመያዝ ጊዜ አላችሁ። በዕለቱ ካያችሁ ግን ሌላውም ሰው ሁሉ መኪና እየፈለገ ነው።

ከጣቢያው እስከ መርከቡ፦ ሰው የሚረሳው የመጨረሻው ክፍል

ቺቪታቬኪያ ጣቢያ ስትወርዱ ባሕሩና መርከቦቹ ቅርብ ሆነው ይታያሉ። አትሞኙ። የወደቡ ግቢ በጣም ረጅም ነው፤ ትልልቆቹ መርከቦች የሚቆሙት ከጣቢያው በሩቁ ጫፍ ነው፤ በእግር እስከ መርከቡ መሄድም አይፈቀድም።

ሁሉም የክሩዝ መንገደኛ መጀመሪያ የሚደርስበት ቦታ ላርጎ ዴላ ፓቼ ይባላል። ከጣቢያው ፊት ለፊት አውቶቡስ አለ፤ ጥቂት ዩሮ ነው፤ ትኬቱ ጣቢያው ውስጥ ይሸጣል። በእግር ከ20 ደቂቃ በላይ ነው፤ ለሻንጣ አይመችም። ላርጎ ዴላ ፓቼ ስትደርሱ የመርከባችሁ ስም የተጻፈበት ነጻ አውቶቡስ ይጠብቃችኋል፤ ተርሚናላችሁ በር ላይ ያወርዳችኋል። ቺቪታቬኪያ የሰርዲኒያና የሲሲሊ ጀልባዎችም ወደብ ስለሆነች «መርከብ» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የእናንተ ቃል «ክሮቼራ» ነው። «ትራጌቲ» የሚለውን ምልክት ከተከተላችሁ ሰርዲኒያ የሚሄዱ ሰዎች ወረፋ ውስጥ ትገኛላችሁ።

ከጣቢያው ታክሲ መያዝ ካማራችሁ፣ ርቀቱ አጭር ቢሆንም ዋጋ ሳትቆርጡ አትግቡ።

አስቀድሞ የተያዘ የግል መኪና፦ ለቤተሰብ ምርጡ

ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ለያዘ፣ ወይም ሻንጣው ለከበደ ሰው ሌላ አማራጭ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ከፊዩሚቺኖ እስከ ወደቡ አንድ አነስተኛ መኪና ከ130 እስከ 160 ዩሮ አካባቢ፣ 8 ሰው የሚይዝ ቫን ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠየቅበታል። ሒሳቡን በአራት ሰው እንሥራው። ባቡሩ 52 ዩሮና የአውቶቡስ ነው፤ መኪናው 150 ከሆነ ልዩነቱ ለአንድ ሰው 25 ዩሮ ገደማ ነው። በዚያ 25 ዩሮ የምትገዙት አንድ ሰዓት ተኩል ጊዜና እጃችሁን ነው። ለሁለት ሰው ግን ልዩነቱ ለእያንዳንዱ ከ60 ዩሮ ይበልጣል፤ እዚህ ላይ ባቡሩ ይረታል።

የመኪና ስሕተት የሚፈጠረው በመጠን ላይ ነው። «ለ3 ሰው» የተባለች መኪና ሦስት ሰው ትይዛለች፤ ስድስት ትልልቅ ሻንጣ ግን አትይዝም። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ሁለት ትልቅና ሁለት ትንሽ ሻንጣ ከያዘ ጥሩ ነው። ስትይዙ የሰውን ብቻ ሳይሆን የሻንጣውን ቁጥርና መጠን ጻፉ፤ ሾፌሩ መጥቶ ሁለተኛ መኪና ከጠራ ሁለተኛ ዋጋ ትከፍላላችሁ። የሕፃን መቀመጫ ከፈለጋችሁም ዕድሜውን ነግራችሁ ቀድማችሁ እዘዙ።

ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ የሚረጋገጡ ነገሮች አሉ። ዋጋው ለመኪናው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? የአውራ ጎዳናው ክፍያ ተጨምሯል? የሚያወርዳችሁ ተርሚናላችሁ በር ላይ ነው ወይስ ላርጎ ዴላ ፓቼ? አውሮፕላኑ ቢዘገይ ስንት ደቂቃ በነጻ ይጠብቃል? ቀብድ ከጠየቁ፣ ጉዞው ቢሰረዝ ይመለሳል? ከእናንተ በኩል የበረራ ቁጥሩን፣ የመርከቡን ስምና መነሻ ሰዓቱን ላኩ። የበረራ ቁጥር የሌለው ሾፌር አውሮፕላናችሁ መዘግየቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የዋትስአፕ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከረጅም በረራ በኋላ የስልክ ባትሪ ያልቃል።

በመዳረሻ አዳራሹ ሾፌሮች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይዘው ይቆማሉ። ስማችሁን ሌላ ሰው ይዞት «ሾፌራችሁ አልመጣም፣ እኔ ልውሰዳችሁ» ካለ ወይም ማንም ደላላ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ ከተከተላችሁ መልስ አትስጡ። ፈቃድ ያለው የሮም ታክሲ ነጭ ነው፣ ጣሪያው ላይ ምልክት፣ በሩ ላይ ቁጥር አለው፣ ውጭ በወረፋ ይቆማል እንጂ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ሰው አያድንም።

ከወረፋው ታክሲ መያዝም ይቻላል። ወደ ሮም መሃል የሚሄድ ታክሲ የተቆረጠ ዋጋ ስላለው ሰው ይህን ሰምቶ ለወደቡም ይመስለዋል። ያ ዋጋ ለወደቡ አይሠራም፤ የወደቡን ዋጋ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቃችሁ አስጽፉት። አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ከተያዘ መኪና አይረክስም። በስልክ መተግበሪያ የሚጠራው መኪናም ሮም ውስጥ በአብዛኛው ፈቃድ ያለው የቅንጦት መኪና ወይም ታክሲ ስለሆነ፣ ዋሽንግተን ላይ የለመዳችሁትን ርካሽ ዋጋ አትጠብቁ።

የመንገዱ ነገር፦ ኤ12 የተባለው አውራ ጎዳና ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ነው። በበጋ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ባሕር በሚወርደው መኪና ይጨናነቃል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነሐሴ 15 የጣሊያኖች ትልቅ በዓል ስለሆነ በዚያ ሳምንት ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

የክሩዝ ኩባንያው አውቶቡስና የጋራ ማመላለሻ

ኩባንያው ራሱ የሚሸጠው አውቶቡስ ለአንድ ሰው ከ60 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ስለሚጠየቅበት ለአራት ሰው ከሁሉም ይወደዳል። ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው። ሠራተኛው ስማችሁን ዝርዝር ላይ ይዞ አዳራሹ ውስጥ ይጠብቃል፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቢቆም ኩባንያው ተሳፋሪዎቹ የት እንዳሉ ያውቃል። ብቻዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ለምትወጣ እናት ዋጋው ይገባዋል። ጉዳቱ መጠበቁ ነው፤ አውቶቡሱ ከሌላ በረራ የሚመጡትን ስለሚጠብቅ ማለዳ ያረፈ ሰው ሁለት ሰዓት አዳራሽ ሊቀመጥ ይችላል።

እዚህ ላይ በግልጽ መባል ያለበት ነገር አለ። «የኩባንያውን አውቶቡስ ስለገዛሁ መርከቡ ይጠብቀኛል» የሚለው እምነት አውሮፕላን ሲዘገይ አይሠራም። በረራውን ራሱ ኩባንያው ካላዘጋጀላችሁ በቀር የአውሮፕላን መዘግየት የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እሱ ያዘጋጀው ቢሆንም እንኳ የሚያደርገው ቀጣዩ ወደብ ላይ እንድትደርሱ መርዳት እንጂ ሁለት ሺህ ሰው አስቁሞ መጠበቅ አይደለም።

የጋራ ሚኒባስና አውቶቡስ በመሃል ይቀመጣል፤ ለአንድ ሰው ከ25 እስከ 40 ዩሮ አካባቢ። ለአንድና ለሁለት ሰው ሻንጣው ከከበደ ጥሩ ምርጫ ነው። የሚነሣው ግን በቀን ጥቂት ጊዜ፣ በተቆረጠ ሰዓት ነው፤ ስላመለጣችሁ ገንዘቡ አይመለስም። ካረፋችሁበት ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የሚነሣውን ያዙ።

መኪና ተከራይቶ ራስ መንዳትስ? ቺቪታቬኪያ የሚመልሱበት ቢሮ አለ፤ ነገር ግን እሑድና ምሳ ሰዓት ሊዘጋ ይችላል፣ ለሌላ ከተማ መመለሻ ክፍያ ይጨመራል፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ይጠየቃል። ሮም ላይ ሌላ ቀን ካልነዳችሁ ትርፍ የለውም።

በዋዜማው ማደር፣ የት?

በአንድ ቀን አውሮፕላንም መርከብም ከመያዝ በዋዜማው መግባት ይሻላል፤ የአንድ ሌሊት ሆቴል ከጠፋ የክሩዝ ትኬት ይረክሳል። ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነና ትልልቅ ሰዎች ካሉ ቺቪታቬኪያ እደሩ፤ ጠዋት ተነሥታችሁ መርከቡን በመስኮት እያያችሁ ቁርስ ትበላላችሁ። ሁለት ሌሊትና ከዚያ በላይ ካላችሁ ሮም ግቡ። ሌሊት የምታርፉ ከሆነ ብቻ አየር ማረፊያው አጠገብ እደሩ።

ሮም ስታድሩ ሆቴሉን በባቡሩ መስመር ምረጡት። ለቫቲካን ቅርብ ከሆነ ሳን ፒየትሮ ጣቢያ አለ፤ የቺቪታቬኪያ ባቡር ይቆምበታል፤ ከዋናው ጣቢያ ግርግርም ያድናል። ትራስቴቬሬ ወይም ኦስቲየንሴ አካባቢም ያው ነው። ተርሚኒ አጠገብ ካደራችሁ ግን ያንን ሩቅ መስመር አስታውሳችሁ ከባቡሩ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ጣቢያ ግቡ፤ ቦርሳችሁንም ከፊት አድርጉት። ከከተማው እስከ ቺቪታቬኪያ የክልል ባቡሩ 5 ዩሮ አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ቀለል ያለ ዕቃ ለያዘ ሰው ከከተማ መነሣት ከአየር ማረፊያ ከመነሣት በእጅጉ ይቀላል።

ቻምፒኖ በሚባለው ሁለተኛ አየር ማረፊያ ለምታርፉ፦ ጣቢያ ውስጡ የለም፤ በአውቶቡስ ወጥታችሁ በተርሚኒ ማለፍ ስላለባችሁ ለመርከብ ቀን መኪና ያዙ።

ቪዛ፦ መኪናውም ባቡሩም የማያድናችሁ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ፣ አሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁም ጭምር፣ ጣሊያን ለመግባት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። እዚህ ድረስ ሰው ያውቀዋል። የሚረሳው የመርከቡ መንገድ ነው። ኔፕልስ፣ ባርሴሎናና ሳንቶሪኒ ሸንገን ናቸው፤ ቱርክ ኩሻዳሲ ወይም ቱኒስ ግን አይደሉም። መርከቡ ወጥቶ ከተመለሰ ባለ አንድ መግቢያ ቪዛ አልቋል ማለት ነው። ኩባንያው ይህን ተርሚናሉ ላይ ሲያይ አያሳፍርም፤ የከፈላችሁትም ይቀራል። ቪዛ ስታመለክቱ የመርከቡን የወደብ ዝርዝር አያይዛችሁ ባለ ብዙ መግቢያ ጠይቁ።

ሻንጣችሁን ተርሚናሉ በር ላይ ተረካቢዎቹ ይወስዱታል፤ ካቢናችሁ የሚደርሰው ማምሻውን ነው። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ቻርጀር የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ። የሻንጣ መለያ ወረቀቱን ቤት አትማችሁ ኑ፤ መንገድ ላይ ማተሚያ ፍለጋ መዞር የለባችሁም።

ሲመለሱ

ከመርከብ መውረድ ጠዋት 7:00 አካባቢ ይጀመራል፤ ሁሉም ሰው ግን በአንድ ሰዓት አይወርድም። ሻንጣውን ራሱ ይዞ የሚወርድ ሰው ቀድሞ ይወጣል። ማታ በር ላይ አውጥቶ ያስቀመጠ ግን ተራው እስኪጠራ ይጠብቃል፣ ሻንጣውንም ተርሚናሉ ውስጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ከ13:00 በፊት የሚነሣ ዓለም አቀፍ በረራ አትያዙ። በረራችሁ ማምሻ ከሆነ ደግሞ ባቡሩን ወደ ተርሚኒ ያዙ፤ ጣቢያው ውስጥ ሻንጣ በአደራ የሚቀመጥበት ክፍል አለ፤ ዕቃችሁን ሰጥታችሁ ከተማውን ትዞራላችሁ፤ ከዚያ በሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ትሄዳላችሁ። ሲመጡ የማያዋጣው 14 ዩሮ ሲመለሱ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ ተርሚኒ ውስጥ ናችሁ፣ ባቡሩ የትም አይቆምም፣ 32 ደቂቃ ብቻ ነው።